ኒኬል በዘይት ውስጥ፦ ሃይድሮጅን የገባበትና የወጣበት መንገድ

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1901 በጀርመኗ የሄርፎርድ ከተማ፣ ዊልሄልም ኖርማን የተባለ የ31 ዓመት ኬሚስት ኦሌይክ አሲድ የሚባለውን ፈሳሽ ቅባት አሞቀ፤ በደንብ የደቀቀ የኒኬል ዱቄት ጨመረበትና ሃይድሮጅን ጋዝ አሳለፈበት። ፈሳሹ ሲቀዘቅዝ ረጋ። በዕቃው ውስጥ የቀረው ሻማ የሚሠራበት ጠጣር ቅባት፣ ስቴሪክ አሲድ ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ የዘይት፣ የኒኬልና የሃይድሮጅን ታሪክ አንድ ላይ ተገመደ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ ከሱፍ አበባና ከሌሎች የቅባት እህሎች ዘይት ሃይድሮጅን ለማውጣት የሚደክሙ ተመራማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚይዙት ማዕድን ያው ኒኬል ነው። ሃይድሮጅንን ወደ ዘይት ያስገባ የነበረው ማዕድን እንዴት መልሶ ያወጣዋል? ኒኬል ካታሊስት፣ ማለትም ለውጥ አፋጣኝ፣ ነው። ካታሊስት የኬሚካዊ ለውጥን አቅጣጫ አይመርጥም፤ በሁለቱም ወገን ያለውን ጉዞ ያቀላጥፋል እንጂ። ወዴት እንደሚኬድ የሚወስኑት ሙቀቱ፣ ግፊቱና አብሮ የሚቀርበው ነገር ናቸው። ስለዚህ ዘይት የማርጋት ሙያና ከዘይት ሃይድሮጅን የማውጣት ጥረት ሁለት ታሪክ አይደሉም። የመጀመሪያውን ያላወቀ ሁለተኛውን በወጉ አይረዳውም።

ነገሩ ከኖርማን በፊት የተጀመረው በደቡብ ፈረንሳይ፣ በቱሉዝ ነው። በ1890 ሉድቪግ ሞንድና ባልደረቦቹ እንግሊዝ አገር ውስጥ አንድ እንግዳ ነገር አስታውቀው ነበር፤ ኒኬል ካርቦን ሞኖክሳይድን ይዞ ወደ ተንነት ይለወጣል። የቱሉዙ ፕሮፌሰር ፖል ሳባትየ ይህን ሲሰማ፣ ኒኬል አንዱን ጋዝ እንዲህ ከያዘ ሌሎችንም ሊይዝ ይችላል ብሎ አሰበ። በ1896 ፓሪስ ላይ ሞዋሳንና ሙሩ አሴቲሊንን በኒኬል ላይ አሳልፈው ነበርና፣ ሳባትየ ሥራውን ይቀጥሉበት እንደሆነ አስቀድሞ ጠየቃቸው። እንደማይቀጥሉ ሲነግሩት ብቻ ወደ ሙከራው ገባ። በሳይንስ ታሪክ እንዲህ ያለ ጨዋነት ብዙ አይገኝም።

አብሮት የሠራው ዣን-ባፕቲስት ሳንደረንስ የካቶሊክ ቄስ ነበር። ሁለቱ በ1897 ኤቲሊንን ከሃይድሮጅን ጋር በሞቀ ኒኬል ላይ አሳለፉ፤ ኤቲሊኑ ሃይድሮጅኑን ተቀብሎ ኤቴን ሆነ። ቀጥለው ቤንዚንን፣ ማለትም ፋራዴይ በ1825 ያገኘውን ቀለበት መሰል ውህድ፣ በተመሳሳይ መንገድ ሃይድሮጅን አሸከሙት። በ1902 ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድንና ሃይድሮጅንን በኒኬል ላይ አገናኝተው ሚቴን አገኙ። ይህ የመጨረሻው ሥራ ከመቶ ዓመት በኋላ ሃይድሮጅን አውጪዎችን ሲያስቸግር እናገኘዋለን። የ1912 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ለሳባትየና ለቪክቶር ግሪኛር ተሰጠ፤ ሳንደረንስ አልተካተተም። በዚያ ሁሉ ዓመት ምድጃው አጠገብ አብሮ የቆመ ሰው መዘለሉ ዛሬም ያስቆጫል።

ሳባትየ የሠራው ሁልጊዜ በተን ላይ ነበር። ዘይት ግን በተራ ምድጃ ሲግል ከመትነኑ በፊት ይፈራርሳል። የኖርማን ድፍረት እዚህ ላይ ነው፤ ዘይቱን ማትነን ሳያስፈልግ ኒኬሉን እዚያው ፈሳሹ ውስጥ በትኖ ሃይድሮጅኑን ወደ እርሱ አመጣው። በኦገስት 1902 በጀርመን፣ በቀጣዩ ዓመት በብሪታንያ የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ።

በዘይት ውስጥ የሚሆነው ይህ ነው። የቅባት ሞለኪውል ረጃጅም የካርቦን ሰንሰለቶች አሉት። በአንዳንድ ቦታ ጎረቤታሞቹ ካርቦኖች በድርብ ማሰሪያ ይያያዛሉ፤ ሰንሰለቱም እዚያ ላይ ይታጠፋል። የታጠፉ ሰንሰለቶች ተጠጋግተው መደርደር ስለማይችሉ ቅባቱ ፈሳሽ ሆኖ ይቀራል። ሃይድሮጅን በድርብ ማሰሪያው ላይ ሲጨመር ሰንሰለቱ ይቀናል፣ ቅባቱም ይረጋል። የኑግ ዘይት በደጋ ብርድ እንኳ የማይረጋው ሁለት ሁለት ድርብ ማሰሪያ ያለው ሊኖሌይክ አሲድ አብዛኛውን ክፍሉን ስለሚይዝ ነው። በአንጻሩ አዲስ አበባ ውስጥ «የሚረጋው ዘይት» የሚባለው የፓልም ዘይት የሚረጋው የግድ ሃይድሮጅን ስለተጨመረበት አይደለም፤ ከተፈጥሮው ግማሽ ያህሉ ሰንሰለት ድርብ ማሰሪያ የሌለው ስለሆነ ነው።

የኖርማን ግኝት ገበያ ያገኘው ማርጋሪን ስለነበር ነው። በ1869 ፈረንሳዊው ኢፖሊት ሜዥ-ሙርየ ከበሬ ሞራ የቅቤ ምትክ ሠርቶ ነበር። ሙያውን የሆላንድ ቅቤ ነጋዴዎች፣ በተለይም የኦስ ከተማዎቹ ዩርገንስና ፋን ደን በርክ፣ ወስደው ትልቅ ኢንዱስትሪ አደረጉት። የከተማ ሠራተኛው ሲበዛ የበሬ ሞራ አነሰ። የጥጥ ፍሬና የዓሣ ነባሪ ዘይት በብዛት ነበር፤ ግን ፈሳሽ ነው፣ የዓሣ ነባሪው ደግሞ ይሸታል። በእንግሊዟ የዋሪንግተን ከተማ ጆሴፍ ክሮስፊልድ የተባለው ሳሙና ፋብሪካ የኖርማንን መብት ይዞ ከ1909 መኸር ጀምሮ ማርጋት ቻለ። በመጀመሪያው ዓመት 3,000 ቶን ገደማ አመረተ።

ፋብሪካዎቹን ያስጨነቀው ጥያቄ ግን ሌላ ነበር፤ ሃይድሮጅኑ ከየት ይምጣ? አንድ ቶን ዘይት ለማርጋሪን እንዲበቃ ለማርጋት 5 ኪሎ ግራም ገደማ ሃይድሮጅን ይበቃል። ይህ በክብደት ትንሽ ይመስላል፤ በጋዝነቱ ግን ከ50 ሜትር ኩብ በላይ ነው። በዚያ ላይ ንጹሕ መሆን አለበት። ጥቂት ድኝ ወይም ካርቦን ሞኖክሳይድ ከገባበት ኒኬሉ ይመረዛል፣ ሥራውም ይቆማል።

አንዱ መፍትሔ በጣም የቆየ ነበር። በ1780ዎቹ አንትዋን ላቭዋዝየና ዣን-ባፕቲስት ሜኒየ እንፋሎትን በጋለ የጠመንጃ አፈሙዝ ውስጥ አሳልፈው ነበር። ብረቱ የውኃውን ኦክሲጅን ይዞ አስቀረ፣ ሃይድሮጅኑ በሌላው ጫፍ ወጣ። የፈረንሳይ አብዮት ሠራዊት በ1794 በፍለሩስ ውጊያ ላይ ያንሳፈፈው የቅኝት ባሉን የተሞላው በዚሁ መንገድ በተገኘ ጋዝ ነው። የሃያኛው ክፍለ ዘመን ዘይት አርጊዎች ሙያውን አሻሻሉት፤ ኦክሲጅን የያዘውን ብረት ከድንጋይ ከሰል በተሠራ ጋዝ መልሰው ያነጹትና እንደገና እንፋሎት ይሰዱበታል። አንዱ ማዕድን ኦክሲጅን እየተቀበለና እየሰጠ ይመላለሳል። ሌሎች ፋብሪካዎች ውኃን በኤሌክትሪክ መሰንጠቅን መረጡ።

አሜሪካ ውስጥ የሃይድሮጅኑ ምንጭ የንግድ ጦርነት እስከ ማስነሳት ደረሰ። ከክሮስፊልድ ዘንድ የመጣው ኬሚስት ኤድዊን ካይዘር በ1907 ሲንሲናቲ ወደሚገኘው ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ሄደ። ኩባንያው የሻማና የሳሙና ሠሪ ስለነበር የጥጥ ፍሬ ዘይትን በደንብ ያውቀዋል። በ1911 «ክሪስኮ» የሚል ስም ያለው ነጭ፣ ሽታ የሌለው ጠጣር ቅባት ገበያ ላይ አዋለ። የምግብ አሠራር መጻሕፍት በነጻ አደለ፤ ቅባቱ ሥጋም ወተትም ስላልነበረበት ሥጋና ወተት የማይቀላቅሉ አይሁድ ቤተሰቦች ወደዱት። በጾም ወራት ቅቤን ትቶ በዘይት ለሚያበስል ሰው ምክንያቱ አይጠፋውም።

በዚያው ዘመን በኒው ሃምፕሸር ግዛት በርሊን የምትባል ከተማ አንድ የእንጨትና ወረቀት ፋብሪካ ነበር። ወረቀቱን የሚያነጣበትን ክሎሪን ከጨው ውኃ በኤሌክትሪክ ሲያወጣ ሃይድሮጅን በተረፈ ምርትነት ይወጣ ነበር። የፋብሪካው ሰዎች ጋዙን ከመልቀቅ ይልቅ ዘይት አረጉበትና «ክሪም ክሪስፕ» ብለው ሸጡ። ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ከሰሰ። ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በ1920 ተከሳሹ በርሊን ሚልስ ረታ፤ የክሪስኮ ፓተንት ዋጋ አጣ። ከዚያ ሰባት ዓመት ቀድሞ በእንግሊዝም የኖርማን ፓተንት ሥራውን በበቂ አልገለጸም ተብሎ ወድቆ ነበር። ማርጋት የሁሉም ሙያ ሆነ።

የዚህ ታሪክ ማጠፊያ ግን በቴነሲ ግዛት ቻተኑጋ ከተማ ነው። መሪ ሬኒ የተባለ መሐንዲስ በ1915 ሉክአውት የተባለ የዘይት ማጣሪያ ውስጥ ሥራ ገባ። ድርሻው ዘይት ለማርጋት የሚያስፈልገውን ሃይድሮጅን ከውኃ በኤሌክትሪክ የሚያወጡ ሴሎችን መትከል ነበር። ሬኒ የነበረው የኒኬል ካታሊስት ደካማ እንደሆነ አየና የራሱን ለመሥራት ተነሣ። መጀመሪያ ኒኬልን ከሲሊከን ጋር እኩል ቀላቅሎ አቀለጠ፤ ቅይጡን ሰባብሮ በኮስቲክ ሶዳ አጠበው። ሶዳው ሲሊከኑን ሲበላው የቀረው ኒኬል በቀዳዳ የተሞላ ስፖንጅ ሆነ። በጥጥ ፍሬ ዘይት ሲፈትነው በጊዜው ምርጥ ከነበረው ካታሊስት አምስት እጥፍ ሠራ። ቀጥሎ ሲሊከኑን በአሉሚኒየም ተካ፤ የ1927ቱ ፓተንት የዚህ ነው። «ሬኒ ኒኬል» ዛሬም በመላው ዓለም በሥራ ላይ ነው። በምን እንደተወለደ ግን ብዙ ኬሚስት ሳያውቀው ይጠቀምበታል፤ የተወለደው ለመጥበሻ የሚሆን ቅባት ለማርጋት ነው።

ኒኬል በሁለት አቅጣጫ እንደሚሠራ ማስረጃው የወጣው በ1934 ነው። ማንችስተር ውስጥ ጃፓናዊው ጁሮ ሆሪዩቲና ሃንጋሪ ተወላጁ ማይክል ፖላኒ ከባድ ሃይድሮጅንን ተጠቅመው በማዕድን ላይ የሚሆነውን ተከታተሉ። ሃይድሮጅኑ የሚጨመረው አንድ አቶም በአንድ ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያው ከተጨመረ በኋላ ሞለኪውሉ ሁለተኛውን ሳይቀበል የተቀበለውንም መልሶ ሊለቅ ይችላል። በዘይት ላይ ይህ መመለስ ምልክት ይተዋል። አንድ አቶም ተቀብሎ የለቀቀው ሰንሰለት ድርብ ማሰሪያውን መልሶ ሲሠራ እንደ ቀድሞው ታጥፎ ሳይሆን ቀንቶ ሊሠራው ይችላል። ይህ ነው ትራንስ ቅባት የሚባለው።

ስለዚህ በግማሽ የረጋ ዘይት ሁሉ የኒኬልን የመልስ ጉዞ በውስጡ ይዞ ነበር። ሰማንያ ዓመት ያህል ሰው በላው። በ1990 ሆላንዳውያኑ ሜንሲንክና ካታን ትራንስ ቅባት ጎጂውን ኮሌስትሮል እንደሚጨምርና ጠቃሚውን እንደሚቀንስ አሳዩ። ዴንማርክ በ2003 ገደብ አወጣች፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2015 ወሰነ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ከምግብ እንዲወጣ ጥሪ አደረገ። የልብ ሕመም ያጠቃቸውን ሰዎች ብዛት ስናስብ ማስጠንቀቂያው እጅግ ዘግይቶ ነበር የመጣው። የማርጋት ገበያ በዚህ ሲጠብብ ኬሚስቶች የኒኬሉን የመልስ ጉዞ ራሱን ፈልገው ሊጠቀሙበት ጀምረው ነበር።

ከዘይት ጋዝ ማውጣት በራሱ አዲስ አይደለም። በ1815 ጆን ቴይለር የተባለ እንግሊዛዊ ዘይትን በጋለ ብረት ዕቃ ላይ እያንጠባጠበ የመብራት ጋዝ የሚያወጣበትን ፓተንት ወሰደ። ፋራዴይ ቤንዚንን ያገኘው እንዲህ ያለው ጋዝ ለሽያጭ ሲታመቅ ከታች ከሚቀረው ፈሳሽ ነው። ነገር ግን በሙቀት ብቻ የተሰበረ ዘይት ከሃይድሮጅን ይልቅ ሚቴን፣ ኤቲሊንና ጥላሸት ይሰጣል። የጎደለው እንፋሎትና ኒኬል ነበር።

ያንን ያሟላው የማዳበሪያ ኢንዱስትሪ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የጀርመኑ ባስፍ ኩባንያ ሚቴንን ከእንፋሎት ጋር በኒኬል ላይ አግሎ ሃይድሮጅን የማውጣትን ሐሳብ በፓተንት አስመዘገበ። በ1930 በሉዊዚያና፣ ባተን ሩዥ፣ የኒው ጀርሲው ስታንዳርድ ኦይል ሥራውን በፋብሪካ ደረጃ ጀመረ። ሙቀቱ ከ800 ዲግሪ ያልፋል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የተፈጥሮ ጋዝ ያልነበራት ብሪታንያ ከሚቴን የሚከብደውን ናፍታ መጠቀም ግድ ሆነባት። ከባዱ ሰንሰለት ኒኬሉን በካርቦን ሸፈነው። አይ.ሲ.አይ የተባለው ኩባንያ ፖታሲየም የተጨመረበት ኒኬል ሠርቶ ችግሩን አቃለለ፤ ፖታሲየሙ ካርቦኑ በእንፋሎት ቶሎ እንዲጠረግ ይረዳል።

የዕፅዋት ዘይት ሰንሰለት ከናፍታም ይረዝማል። ስለዚህ በ2000 አካባቢ በስፔን ታራጎና የሮቪራ ኢ ቪርጂሊ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሱፍ አበባ ዘይትን ከእንፋሎት ጋር ሲፈትኑ የጀመሩት ለናፍታ በተሠሩ፣ በገበያ ባሉ የኒኬል ካታሊስቶች ነበር። በስሌት የሚጠበቀው ብዙ ነው። ኦሌይክ አሲድ ብቻ ያለበት አንድ ቶን ዘይት ከእንፋሎት ጋር ሙሉ በሙሉ ቢለወጥ 364 ኪሎ ግራም ያህል ሃይድሮጅን ይሰጣል፤ ለማርጋት ከገባው 5 ኪሎ ጋር ይነጻጸር። ከዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው የሚመጣው ከዘይቱ ሳይሆን ከውኃው ነው። የዘይቱ ካርቦን የእንፋሎቱን ኦክሲጅን ይወስድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። ላቭዋዝየ በጠመንጃ አፈሙዝ ውስጥ ለብረት የሰጠውን ሥራ እዚህ ካርቦን ይሠራዋል ማለት ነው።

በኦገስት 2004 የእንግሊዙ ሊድስ ዩኒቨርሲቲ ቡድን፣ ከእነርሱም ቫሌሪ ዱፖን፣ ፊላደልፊያ ላይ በአሜሪካ ኬሚካል ማኅበር ጉባኤ ሥራቸውን አስታወቁ። ሁለት ምድጃዎች ጎን ለጎን ይሠራሉ። በአንዱ ውስጥ አየር ኒኬሉን ኦክሲጅን ያሸክመዋል፤ ይህ ራሱ ሙቀት ይሰጣል። በሌላው የሱፍ አበባ ዘይት ተንና እንፋሎት ሲገቡ ኒኬሉ የያዘውን ኦክሲጅን ይለቅና ሃይድሮጅን ማውጣት ይጀምራል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ሌላ ቁስ ይዞ ያስቀረዋል። ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። ከምድጃው የሚወጣው ጋዝ 90 በመቶ ገደማ ሃይድሮጅን እንደነበር ገለጹ። የውጭ እሳት ፍጆታን መቀነሱ የዚህ አሠራር ዋና ጥቅሙ ነው፤ የድሮዎቹን ዘይት አርጊዎች የብረትና የእንፋሎት ምድጃ ላወቀ ሰው ዝምድናው ወዲያው ይታየዋል።

ሌላው መንገድ በዘይቱ ተረፈ ምርት በኩል ነው። ባዮዲዝል ሲሠራ ከአንድ ቶን ምርት ጋር 100 ኪሎ ያህል ግሊሴሪን ይወጣል። በ2000ዎቹ የባዮዲዝል ምርት ሲያድግ ግሊሴሪን ገበያውን አጥለቀለቀ፣ ዋጋውም ወደቀ። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ጄምስ ዱሜሲክና ባልደረቦቹ በ2002 ግሊሴሪንን በውኃ ሟሙቶ እንዳለ፣ 225 ዲግሪ አካባቢ፣ በፕላቲነም ላይ ሃይድሮጅን እንዲሰጥ አደረጉ። ፕላቲነም ግን ውድ ነው። ርካሹ ኒኬል ሲሞከር የሳባትየ የ1902 ለውጥ ብቅ አለ፤ ኒኬሉ የወጣውን ሃይድሮጅን ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ ጋር መልሶ እያጣመረ ሚቴን ያደርገዋል። በ2003 ያቀረቡት መፍትሔ ሬኒ ኒኬል ላይ ቆርቆሮ መጨመር ነበር። ቆርቆሮው ሚቴን የሚሠራበትን የኒኬል ገጽ ሲሸፍን ሃይድሮጅኑ ይተርፋል። ሬኒ በቻተኑጋ ለጥጥ ፍሬ ዘይት የሠራው ስፖንጅ በዚህ መልኩ ለተቃራኒው ሥራ ዋለ።

ከዘይት ሃይድሮጅን ማውጣት ይቻላል። ከምግብ ዘይት በሰፊው ማውጣት ግን ትክክል አይመስልም፤ ለዚህም ቁጥሩ ይበቃል። ዓለም በ2022 የተጠቀመችው ሃይድሮጅን 95 ሚሊዮን ቶን ያህል ነው። በዓመት የሚመረተው የዕፅዋት ዘይት ደግሞ ከ200 ሚሊዮን ቶን ጥቂት ይበልጣል። ያ ሁሉ ዘይት፣ ለድስት አንድ ጠብታ ሳይቀር፣ በስሌቱ ልክ ቢለወጥ እንኳ ያንን ፍላጎት አይሞላም። የምግብ ዘይቷን አብዛኛውን ከውጭ የምትገዛ ኢትዮጵያን የመሰለች አገር የምታየው ደግሞ የዋጋውን ንረት ነው። የሚያስኬደው ከጥብስ የተረፈው ያገለገለ ዘይት፣ ግሊሴሪንና ለምግብ የማይሆነው ቅባት ነው።

በኢንዱስትሪው የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ሃይድሮጅን እንደገና ወደ ዘይት መግባት ጀመረ፣ በኖርማን ዘመን ከገባው በብዙ እጥፍ። የፊንላንዱ ኔስቴ በ2007 በፖርቮ፣ በኋላም በሲንጋፖርና በሮተርዳም የከፈታቸው ፋብሪካዎች የዕፅዋት ዘይትንና ያገለገለ ቅባትን ወደ ናፍጣ ይለውጣሉ። ሃይድሮጅኑ ኦክሲጅኑን ውኃ አድርጎ ያወጣና ሦስቱን ሰንሰለቶች ከግሊሴሪኑ አከርካሪ ይለያቸዋል። በስሌት አንድ ቶን ዘይት 34 ኪሎ ያህል ሃይድሮጅን ይወስዳል፤ አከርካሪው ደግሞ 50 ኪሎ ገደማ ፕሮፔን ሆኖ ይወጣል። ያ ፕሮፔን በእንፋሎትና በኒኬል ቱቦዎች ውስጥ ቢያልፍ ከገባው 34 ኪሎ ሃይድሮጅን ውስጥ 23 ኪሎ ያህሉን መልሶ መስጠት ይችላል።